የሚያዳምጥ ካሜራ፤ ኃይሌ ገሪማና የደጋው ገበሬ አንደበት

ካሜራ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ደጋ አካባቢ በዘለቀባቸው ዘመናት ይዞት የተመለሰው ምስል ቢመረመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለ ሰው ምስል ሆኖ ይገኛል። በ1930 ዓ.ም. መባቻ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከፋሺስት ጦር ጋር ሲዋደቁ በወደቁ ጊዜ፣ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው፤ ፎቶግራፍም አነሣው። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዋግም በዚያን ጊዜ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው ምስል በማይክል በርክ ድምፅ ታጅቦ ዓለምን አዳረሰ።

እነዚህ ምስሎች አንድ ዓላማ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው የገዳይ ድንፋታ ነው፤ የኋለኞቹ ግን የብዙ ሺህ ሕዝብ ነፍስ ያዳነ እህልና መድኃኒት እንዲመጣ አድርገዋልና ውለታቸው አይካድም። ሆኖም አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ይታያል እንጂ አይናገርም፤ ስለ እሱ የሚናገረው ሌላ ሰው፣ ያውም በሌላ ቋንቋ ነው። ለለቅሶው ሙሾ፣ ለጀግንነቱ ፉከራና ቀረርቶ፣ ለእርሻው የበሬ ዜማ፣ ለምሽቱ እንቆቅልሽና ተረት ያለው ሕዝብ፣ ካሜራ ፊት ሲቆም አንደበት የሌለው ሆኖ ቀረ።

የኃይሌ ገሪማ ሥራ ከሁሉ በፊት መመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው። ከአምሳ ዓመት በላይ በባሕር ማዶ እየኖረ የሠራቸው ፊልሞች ርእሳቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም፣ አንድ ብርቱ ጉዳይ ያስተሳስራቸዋል፤ ይኸውም የሚታየው ሰው ራሱ ተናጋሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚህ ረገድ ኃይሌ የግጥም መድበል አሳትሞ ገጣሚ ባይባልም፣ ካሜራን የያዘው ገጣሚ ቃልን በሚይዝበት አያያዝ ነው ለማለት ይቻላል። በሌሎች አገሮችም ቅኔና ፊልም ተጋብተዋል። ጣልያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒና የቤንጋሉ ሕንዳዊ ቡድሃዴብ ዳስጉፕታ ገጣሚም ፊልም ሠሪም ነበሩ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደግሞ ልብ ወለዱን ማንበብ የማይችለው ሕዝቡ እንዲረዳው ብሎ ከብዕር ወደ ካሜራ ተሸጋግሯል።

ኃይሌ ገሪማ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። እናቱ መምህርት ነበሩ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ደግሞ የጎንደር አርበኞችን ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የደረሱ ጸሐፌ ተውኔት ናቸው። አባት ተውኔታቸውን በአንድ አዳራሽ ወስነው አላስቀሩትም፤ የተውኔት ቡድን ይዘው በየአካባቢው እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበር፤ ልጃቸውም በዚሁ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። አያቱ ደግሞ ምሽት በምድጃ ዳር ተረት ይነግሩት እንደነበር ኃይሌ በየጊዜው ያወሳል። ስለዚህ ከፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ሁለት ትምህርት ቤቶች አልፏል ማለት ነው፤ አንደኛው የአባቱ መድረክ፣ ሁለተኛው የአያቱ ምድጃ።

ሦስተኛም ነበር፤ እሱ ግን ያስተማረው ተቃራኒውን ነው። በጎንደር ሲኒማ ቤት ከባሕር ማዶ የመጡ የከብት ጠባቂዎችና የታርዛን ፊልሞች ይታዩ ነበር። ኃይሌ እንደሚናገረው፣ እሱና ጓደኞቹ ታርዛን አፍሪካውያንን ሲያሳድድ የሚያጨበጭቡት ለታርዛን ነበር። ጣልያንን ተዋግቶ ያሸነፈ አርበኛ ልጅ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ከራሱ ወገን በተቃራኒ ቆሞ ተገኘ። ምስል ሰውን ያለ ጦር መማረክ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የኃይሌ የኋላ ሥራ በሙሉ ለዚያ ጭብጨባ የተሰጠ ረጅም ምላሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ በሚገኘው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ መሆኑን አየ። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያጠና ጀመር። በዚያው ዘመን ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ዉድቤሪ፣ በኋላም ጁሊ ዳሽ እዚያው ይማሩ ነበር። ከሆሊዉድ ደጃፍ ሳይርቁ የሆሊዉድን አተራረክ አንቀበልም ያሉት እነዚህ ወጣቶች በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» በሚል ስም ታወቁ። ኃይሌ የላቲን አሜሪካን የትግል ሲኒማ ያወቀውም እዚህ ነው። ከአባቱ መድረክና ከአያቱ ምድጃ የወረሰው የነገር አካሄድ በመጻሕፍት ከሚማረው የተዋረደ እንዳልሆነ ሊረዳ የቻለው ከዚህ በኋላ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ያጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» የዚህ ፍሬ ነው። ዶረቲ የተባለች ድሃ ጥቁር እናት በሎስ አንጀለስ ከተማ በእርዳታ ገንዘብ ቢሮዎችና በፖሊስ መካከል ተጨንቃ ስትኖር ያሳያል። በፊልሙ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ ይህ በትወና የተዘጋጀ ሳይሆን ፖሊሶች የራሱን የኃይሌን የፊልም ባልደረቦች አስቁመው ሲፈትሹ በእውነት የተነሣ ነው። የፊልሙ ቁም ነገር ግን ዶረቲ እየተበደለች መታየቷ አይደለም። መጀመሪያ ሌሎች ስለ እሷ ይናገራሉ፤ ቢሮው ይጠይቃል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይናገራል፣ የውጭ ጫጫታ ጆሮዋን ይሞላል። በመጨረሻ ግን የራስዋን ቃል ታገኛለች። ፊልሙ ከዝምታ ወደ ንግግር የሚደረግ ጉዞ ነው።

ይኸው ጉዞ ወደ አገር ቤት የተመለሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልም ነው። ኃይሌ ፊልሙን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሮጌው ሥርዓት እየፈረሰ አዲሱ ገና ባልጸናበት ወቅት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ሲቀርብ ኃይሌ ገና ወጣት ፊልም ሠሪ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለአንድ ባላባት ያርሳል፣ ይቆፍራል፣ ከብት ይጠብቃል። ባላባቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች እየተመለከተ ይሳደባል፣ ያዝዛል። ታዳጊዋ እረኛ ጎርፍ የወሰደውን ከብት ለማዳን ስትሞክር ወንዝ ይበላታል። ከበበ የተባለው፣ አገሩን በጦር ሜዳ ያገለገለና መሬቱን የተነጠቀ ሰው፣ እንደ እብድ ተቆጥሮ ሲኖር በመጨረሻ ባላባቱን በዱላ ይገድላል። ከታሪኩ ይልቅ አተራረኩ ነው ሊጤን የሚገባው። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው በሬውን ጠምዶ አንድ ትልም እስኪጨርስ ድረስ ይጠብቀዋል። የከተማ ተመልካች በዚህ ቦታ ይሰላቻል፤ ያ መሰላቸት ግን ትርጉም አለው። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ድካም በዓይን ሲታይ አጭር፣ በሰውነት ሲሠራ ረጅም ነውና፣ ፊልሙ የድካሙን እውነተኛ ርዝመት ተመልካቹ እንዲቀምሰው ያደርጋል።

በሕልም በሚታየው ክፍል ደግሞ ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው ባላባቱ በጅራፍ ሲነዳቸው ይታያል። በንግግር ቢሆን «እንደ ከብት ተገዛን» የሚለው ምሬት በየገበሬው አፍ ያለ ነው። ኃይሌ ያደረገው ይህን ንግግር ቃል በቃል ወስዶ ሥጋ ማልበስ ነው። ሰሙ በሬው፣ ወርቁ ሰውየው ነው። ባለቅኔ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ትርጉም እንደሚጭን፣ ኃይሌም በአንድ ቀንበር ላይ ሁለት ምስል ጫነ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ፊልሙ ያላሳየው ነገር ነው። ወሎ በረሃብ በተመታችበት፣ የዓለም ካሜራ የከሳ ሕፃን በሚፈልግበት በዚያው ጊዜ ኃይሌ ያነሣው የሚሠራ ገበሬ ነው። ረሃብን በጠኔ በወደቀው ሰው ላይ አላሳየም፤ እህሉ ከማን ማሳ ወጥቶ ወደ ማን ጎተራ እንደሚገባ በማሳየት የረሃብን ሥር ገለጠ። በዲምብልቢ ፊልም ተመልካቹ የሚጠይቀው «ምን ልስጣቸው?» ብሎ ነው፤ በኃይሌ ፊልም ግን «ማን ወሰደባቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ፤ ገበሬውን እንደ ሙሉ ሰው የሚያየው ግን ሁለተኛው ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ፊልሙ ገና ለሕዝብ አልቀረበም ነበር። ዳሩ ግን ባላባቱ በአዋጅ ቢሻርም የፊልሙ ጥያቄ አልተሻረም፤ በ1977ቱ ረሃብ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ ወደ ኮረም የጎረፈው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ፊልም አስተምሯል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለአርባ ዓመት ያስተማረውን ጥቁር አሜሪካዊ ገጣሚ ስተርሊንግ ብራውንን የሚመለከት ዘጋቢ ፊልምም እ.ኤ.አ. በ1985 ሠራ። ምርጫው በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ብራውን በሠራተኛውና በገበሬው ጥቁር ሕዝብ አነጋገር ግጥም የጻፈ፣ የጎዳናውንና የእርሻውን ዘፈን ወደ ጽሑፍ ያመጣ ሰው ነበር። ያልተማረ የሚባለው ሰው ቋንቋ ለቅኔ እንደሚበቃ ብራውን በብዕር ያስመሰከረውን ኃይሌ በካሜራ ያስመሰክር ነበርና፣ ፊልሙ ሁለት ባለሙያዎች የሚጨዋወቱበት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» በጋናው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሣ የነበረች ዘመናዊት ሴት ወደ ኋላ ተወስዳ በባርነት እርሻ ላይ ስትኖር ያሳያል። እዚህም የሁሉ መነሻ ካሜራ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል፤ ሴትየዋ የሌላ ሰው ካሜራ ጌጥ ሆና ትጀምርና የራስዋን ታሪክ ተሸክማ ትመለሳለች። ታላላቆቹ አከፋፋዮች ፊልሙን ባለመቀበላቸው፣ ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም በሰልፍ ተቀበላቸው። ጸሐፌ ተውኔቱ አባት በኢትዮጵያ ገጠር እየተዘዋወሩ ያደርጉት የነበረውን ልጅየው በአሜሪካ ከተሞች ደገመው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው «ዓድዋ፦ አፍሪካዊ ድል» ደግሞ ታሪክን በሽማግሌዎች አንደበት፣ በዜማና በሥዕል ይተርካል። በዓድዋ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሠራዊት፣ የዋግና የላስታን ጦር የመሩት ዋግሹም ጓንጉል ጭምር፣ ከድል በኋላ የኖረው በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በቀረርቶና በፉከራ ነው። የኃይሌ ዘጋቢ ፊልም ይህን የቃል መዝገብ ከወረቀት መዝገብ ጎን እኩል ማስቀመጡ ትልቁ ቁም ነገሩ ነው።

«ጤዛ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ለመታየት የበቃው ገንዘብ ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ከተለፋበት በኋላ ነው። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል አንደኛውን ሽልማት አገኘ። ለዜማው የተባበሩት ኢትዮጵያዊው ጆርጋ መስፍንና ከሕንዳውያን ወላጆች የተወለደው አሜሪካዊ ቪጄይ አየር ናቸው። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን ተመልሶ ተስፋው ተሰብሮ፣ በኋላም አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወደሚገኘው የእናቱ መንደር ይመጣል። በመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ፤ እናቶች ያለቅሳሉ።

እዚህ ኃይሌ የቀድሞውን ጥያቄ ገልብጦ ማቅረቡ የእድሜና የብስለት ምልክት ነው። በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ዝም ያሰኙት ገበሬው ነበር። በ«ጤዛ» ግን ዝም የሚለው ምሁሩ ነው። ብዙ ቋንቋ የተማረው አንበርብር ለእናቱ የሚመልስላት ቃል ያጣል፤ እናቲቱ ግን በጸሎትዋም በምሬትዋም አንደበቷ አይታሰርም። ጤዛ ማለዳ ላይ ያበራል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። በማለዳ አብርቶ የረገፈውን ትውልድ በዚህ አንድ ቃል መሰየም የቅኔ ሥራ ነው። ያ ትውልድ ስለ ገበሬው ብዙ ተናግሯል፤ ገበሬውን ግን ምን ያህል አዳምጦታል? ፊልሙ ይህን የሚጠይቀው በወቀሳ ሳይሆን በሐዘን ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ጉድለት የለውም ማለት ክብር አይጨምርለትም። በመጀመሪያ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የባላባትና የጭሰኛን ግንኙነት የኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ ዕጣ አድርጎ ያቀርባል። በዋግ፣ በላስታ፣ በበጌምድርና በጎጃም ግን ገበሬው በአብዛኛው ባለርስት ነበር፤ ሸክሙም የመጣው በግብር፣ በጉልትና በርስት ክርክር መልክ ነው። አንድ ፊልም የአገርን የመሬት ሥሪት ሁሉ እንዲያስተምር አይጠበቅም፤ ነገር ግን «ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለው ርእስ ብዙውን ታሪክ በአንድ ቀንበር ሥር ማዋሉ አይካድም። ሁለተኛ፣ ኃይሌ በምስል የተናገረውን አንዳንድ ጊዜ በቃል ይደግመዋል። የከበበ ረጃጅም ንግግሮችና በ«ጤዛ» ያሉ የስብሰባ ክርክሮች ወርቁን ከሰሙ ፈልቅቀው ለተመልካቹ በእጁ ያስጨብጡታል። ቅኔ ከተፈታ በኋላ ይጣፍጣል፤ ፈቺው ራሱ ባለቅኔው ሲሆን ግን ጣዕሙ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። ኃይሌ ለደጋው ገበሬ የመለሰለት አንደበት አማርኛ ነው፤ እሱም የጎንደር ልጅ እንደመሆኑ የሚያምርና የተሟላ አማርኛ ነው። ነገር ግን በሰቆጣ ዙሪያ ያለው የኽምራ ሕዝብ የሚያለቅሰውና የሚያንጎራጉረው በኽምጣና ነው። የካሜራው ባለቤት ሲለወጥ ዝምታው ሁሉ አልተሰበረም፤ ከፊሉ ብቻ ተሰበረ። ይህ በኃይሌ ላይ የሚቀርብ ክስ አይደለም፤ ማንም ሰው በሌላው አፍ ሊዘፍን አይችልም። ይልቁንም ከእሱ ሥራ የሚወጣ ሕግ ነው። የጎንደሩ ልጅ ከአባቱ መድረክና ከአያቱ ምድጃ እንደተነሣ፣ የዋጉም ልጅ ከራሱ ምድጃ መነሣት አለበት።

የስደት ጉዳይም ሳይነሣ አይታለፍም። ኃይሌ ኑሮውን ያደረገው በዋሽንግተን ነው። እሱና ባለቤቱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፍተው ለጥቁር ሕዝብ መወያያ አደረጉት። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በማርቲን ስኮርሴዚ አነሣሽነት በጣልያን አገር በቦሎኛ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2006 በካን ታየ፤ «ሳንኮፋ»ም እንዲሁ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው፤ የሚያሳስብም ነገር አለው። ስለ ገበሬ የተሠራው ፊልም የሚድነው በቦሎኛ፣ የሚከበረው በካን፣ የሚጠናው በዋሽንግተን ከሆነ፣ ገበሬው በገዛ ታሪኩ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የአባት ቡድን ተውኔቱን ወደ ገጠሩ ያደርስ ነበር፤ የልጁም ፊልም ወደ ገጠሩ መድረስ ይገባዋል። በየወረዳው ያሉ የባህል አዳራሾች፣ የባህል ቡድኖችና ትምህርት ቤቶች ለዚህ ያገለግላሉ። አንድ ነጭ ጨርቅና አንድ ማሳያ መሣሪያ ባለበት ሁሉ የሰቆጣ ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ተመልክቶ «ይህስ የኛ ነው፤ ይህኛው ግን እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሊተች ይችላል። ስለ ደጋው ገበሬ ለተሠራ ሥራ ከማንኛውም የውጭ ሽልማት የሚበልጠው ፍርድ እሱ ነው።

የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን አንገት ፎቶግራፍ ያነሣው ጠላት ዋግን ጸጥ ያሰኘ መስሎት ነበር። ፎቶግራፉ በውጭ መዛግብት ሲቀር የጀግና ስማቸው ግን በሕዝቡ አፍ ኖረ። ይህን ስም የሚያነሣውን አፍ ከምስሉ ጋር ማገናኘት የቀጣዩ ትውልድ ድርሻ ነው፤ ኃይሌ ገሪማ መንገዱ እንዴት እንደሚሄድ አሳይቷል።